ለረምላ ያልጨረስኩት መልስ

ከቦርከና ማዶ፣ ከፋብሪካው በር፣
ሞሪታ ሲወጣ፣ ደብተሩን ሸጉጦ ከብብቱ ሥር፣
«ቻይና! ቻይና!» አሉት ልጆች፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው፤
እሱም ጎንበስ አለ፣ ለያንዳንዳቸው፣ በተራ፣ ማንንም ሳይዘለው።

«ጃፓን ነው» አልኳት ረምላን፣ የእንድሪስ ባለባጃጁን ልጅ፤
ሰባት ዓመቷ ነው፣ የቀኑን ሒሳብ የምትይዘው ግን እሷ ናት እንጂ።
«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለች።
ከበሩ እስከ መነኸሪያ አሥር ደቂቃ ነው መንገዱ፤
ሁለት አገር በአሥር ደቂቃ! ከየት ይጀመራል ጉዱ?

ናንቶንግ፣ አልኳት፣ ሰባት ወር ማሽን የተማርኩበት፣
ማለዳ አሮጊቶች አደባባይ ወጥተው የሚጨፍሩበት፤
ለሥራ ስጣደፍ፣ በድምፅ ማጉያው መሀል፣
አንዷ እጄን ትይዝና መስመሩ ውስጥ ታስገባኛለች፣ እንቢ ማለት የት ይቻላል።
«በልተሃል?» ነው ሰላምታቸው፤ ደስ አለኝ፣ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤
ቀጥሎ «ደሞዝህ ስንት ነው? ሚስትስ?» ሲሉ ላብ ላብ አለኝ።
ሊፍት ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፤
ዋሸሁ። በሦስተኛው ወር ዘጠኝ ልጆች ነበሩኝ፣ አንዱ ካንዱ የሚበልጥ።
ምሳ ላይ ማሽኑ ሲቆም ግንባር ጠረጴዛ ላይ ይደፋል፤
ሦስት መቶ ሰው ባንዴ ይተኛል፣ ደወል ሲመታ ባንዴ ይነቃል።
ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ግን ጦርነት ነው፤
አለቃዬ ሉ የወዳጁን እጅ ጠምዝዞ ከፈለ፣ አሸነፈው።
አንዲት «ወላሂ» ብቻ ነበር የቀረችው ደሴ ለመሆን።

ሃማማትሱ ደግሞ
ጸጥ።
ባቡር ውስጥ ሰማንያ ሰው፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፤
ስልኬ ሲጮኽ መሬት ብትውጠኝ አልጠላውም ነበር፣ ቃል የለውም፣ እንዴት ላውራው።
ባቡሩ አንድ ደቂቃ ዘገየና ነጂው በማጉያ ይቅርታ ጠየቀኝ፤
እኔን! «አንድ ሰው ብቻ፣ ሞልቷል!» እያለ ሚኒባስ ግማሽ ቀን ያስቀመጠኝ!
ቆሻሻ እንኳ ቀን አለው፤ የላስቲኩ ማክሰኞ፣ ጠርሙሱ በየሁለት ሳምንት ዓርብ፤
የሳትኩት ከረጢት ደጄ ተመለሰ፣ ላዩ ላይ ወረቀት፣ ስድብ የሌለው አደብ።
ከታቼ ያለው ጎረቤት እርምጃዬ ሲከብደው
ነጠላ ጫማ ገዛልኝ፣ ለስላሳ፣ በልኬ፤ ከደብዳቤ ጋር ደጄ ላይ አስቀመጠው።
ስምንት ወር ኖርን። ስሙን አላወቅኩም። ስሜን አልጠየቀኝ።
አንድ ማታ፣ ዝናብ ነው፣ ደሞዜን የሚጠይቀኝ ሰው ናፈቀኝ።
የጣልኩት ጓንት ግን አጥር ላይ ተሰክቶ ሳምንት ሙሉ ጠበቀኝ፤
አምስት ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከሩቅ ሰላም የሚለኝ መሰለኝ።

«እና ማን ነው ደጉ?» አለች ረምላ።

ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ይሄው ሞሪታ፣
ገጹን በቀይ መስመር ለሁለት ከፍሎ፣ በዝግታ፣
«የደሴና የኮምቦልቻ ሰው በምን ይለያል?» አለኝ፤
«እነሱ ብርድ፣ እኛ ሙቀት፤ እነሱ ላይ፣ እኛ ታች» ብዬ ጀመርኩና ነደደኝ።
እናቴ የደሴ፣ አባቴ የሐርቡ፤
እኔን በየትኛው በኩል ልትጽፈኝ ነው ሐሳቡ?
መስመሩን አየው። አልሰረዘውም።
ጎንበስ አለ እንጂ ምንም አልመለሰም።

እንድሪስ ፍሬን ያዘ። ብር ሳወጣ «በሞቴ! አይሆንም!» ብሎ
እጄን ጠመዘዘው፣ ኪሴ ውስጥ መልሶ ከተተው፣ ክፉኛ ተማምሎ።
ረምላ ደግሞ፣ ከወንበሩ ሥር የወደቀ እስክሪብቶዬን
በሁለት እጇ አቀበለችኝ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሳትጠይቅ ስሜን።

ከዚያ ባጃጁ ሲዞር፣ አንገቷን አውጥታ፣
መነኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ፣ በሙሉ ድምጿ፣ በደስታ፦
«ቻው፣ ቻይና!»